ምጣዱ አንድ ጎን ለምን ያሳርራል? የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ጥቅምት ላይ ክበባችን መጀመሪያ ሲሰበሰብ እቅዱ እንደ ወትሮው ነበር። ሞዴል እንሠራለን፣ ፖስተር እንለጥፋለን፣ በዓመቱ መጨረሻ እናሳያለን። ይህን የቀየረው የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ የቤታችን ኦቭን ኬኩን በአንድ በኩል ያሳርረዋል፣ በሌላው በኩል ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ለምንድን ነው?» አለችኝ። እናቷ በትእዛዝ ኬክ እየጋገሩ ይሸጣሉ። አንድ ኬክ ሲበላሽ እንቁላሉ፣ ቅቤውና የቀኑ ልፋት አብሮ ይሄዳል። ጥያቄው የእውነት ነበር። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ የክበቡ ሥራ እሱ ሆነ።

መጀመሪያ የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው። ሳንለካ ምንም አንከፍትም። ልጆች መፍቻ ይወዳሉ፣ እኔም በእነሱ ዕድሜ እወድ ነበር። ግን ችግሩ የት እንዳለ ሳያውቁ የከፈቱት ዕቃ ሁለት ችግር ይዞ ይዘጋል።

ለኦቭኑ የተጠቀምንበት ዘዴ ቀላል ነው። ልጅቷ ትሪው ላይ ምንም ክፍተት ሳትተው የዳቦ ቁራሽ ደረደረች። ኦቭኑን 180 ላይ አድርጋ ካሞቀች በኋላ ትሪውን አስገባች፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ አውጥታ ፎቶ አነሳች። ከኋላ በግራ በኩል ያሉት ቁራሾች ጠቁረዋል። በሩ አጠገብ ያሉት ነጭ ናቸው። አዲስ ዳቦ ደርድራ ትሪውን አዙራ ደገመችው። የጠቆረው ቦታ ያው ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የትሪው አይደለም፣ የሊጡም አይደለም፣ የኦቭኑ ነው።

ምክንያቱ ሦስት ሆኖ ተገኘ። ትሪው ወደ ኋላ ተገፍቶ ግድግዳውን ይነካ ስለነበር ትኩሱ አየር መዞሪያ አጥቷል። ወለሉ ላይ ደግሞ የሚንጠባጠበውን እንዲይዝ ተብሎ ፎይል ተነጥፏል፣ እሱም ከታች የሚመጣውን ሙቀት ያፍናል። ሦስተኛው የበሩ ጎማ ነው። በሩን ወረቀት ላይ ዘግታ ወረቀቱን ስትስበው ሦስቱ ማዕዘን ላይ ይይዛል፣ አራተኛው ላይ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጎማው እዚያ ጋ ተጨፍልቋል፣ ሙቀቱ በዚያ ያመልጣል። ትሪው መሃል ገባ፣ ፎይሉ ተነሳ፣ ጎማውን የሰፈር ባለሙያ ቀየረው።

ከዚህ ሌላ ያወቅነው ነገር ብዙ ቤት የሚጠቅም ይመስለኛል። የኦቭኑ መብራት «ሞቄያለሁ» ብሎ ሲጠፋ ግድግዳውና ወለሉ ገና አልሞቁም። እኛ ውስጡ ባስቀመጥነው ቴርሞሜትር መብራቱ ሲጠፋ መሃሉ 150 ነበር። 180 አካባቢ የደረሰው ከተለኮሰ ከ25 ደቂቃ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መንፈቅ የምጣድ ነበር። እውነቱን ለመናገር የዓመቱ ትልቁ ሥራችን እሱ ነው። ኦቭን ያለው ቤት ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከክበቡ አባላት የሁሉም ቤት አለ፣ ችግሩም አብሮ አለ። «በዚህ በኩል አይነሳም»፣ «መሃሉ ያርራል»፣ «ዳር ዳሩ ሊጥ ሊጥ ይላል»። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የእናቱን ምጣድ እንድናይ ጠየቀን። በዚያ ቤት ሌላም ችግር ነበር። ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ እየወረደ መብራት ይጠፋል።

እናቱ ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የጋገሩትን እንጀራ አየን። ዓይኑ ያማረ፣ ከዳር እስከ ዳር የበሰለ እንጀራ ነው። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ያን ጊዜ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንጀራውን ሳይሆን እጃቸውን ታይ ነበር። «እትዬ፣ በቤቱ በር በኩል ሲደርሱ ሊጡን ያሳንሱታል?» አለቻቸው። እናትየው ቆም ብለው አሰቡ። «አሳንሳለሁ እንዴ?» አሉ። ደግመው ሲያፈሱ ሁላችንም አየነው። ቀዝቃዛው ጎን ላይ ስስ ያደርጉታል፣ ትኩሱ ጎን ላይ ወፈር። የምጣዱን ጉድለት እጃቸው ለብዙ ጊዜ ሲያቃናው ኖሯል፣ እሳቸው ሳያውቁት። ይህን ቀን አልረሳውም። እናቶቻችን ጋ ስንት ያልተጻፈ እውቀት እንዳለ ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ብነግራቸው እንዲህ አይገባቸውም ነበር።

ስለዚህ እንጀራው ምስክር ሊሆነን አልቻለም። ሌላ ዘዴ አስፈለገን። ምጣዱ ከሞቀ በኋላ በወንፊት ዱቄት ስስ አድርገን ነሰነስንበትና 2 ደቂቃ ጠበቅን። ዱቄቱ ትኩስ ቦታ ላይ ይቀላል፣ ይጠቁራል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ነጭ ይቀራል። ልጆቹ «የዱቄት ካርታ» አሉት። ካርታው በበሩ በኩል እንደ ጨረቃ የታጠፈ ነጭ አወጣ። ምጣዱ አዘንብሎ እንዳይሆን በውሃ ልክ አየነው፣ ልክ ነው። ምጣዱን በመቀመጫው ላይ አዙረን ካርታውን ደገምን። ነጩ አብሮ ዞረ። ስለዚህ የንፋስ ወይም የበሩ ነገር አይደለም፣ ችግሩ ምጣዱ ውስጥ ነው።

ቮልቴጁንም ለካን። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ወደ 185 ይወርዳል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት 185 ሲሆን የምጣዱ ኃይል 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ግን ይህ ምጣዱን በሙሉ ያዳክመዋል እንጂ አንድ ጎን መርጦ አያቀዘቅዝም። እንጀራው በሙሉ ከነጣ ቮልቴጁን ወይም ሶኬቱን ይጠርጥሩ። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ሽቦውን።

ከዚያ ነው የከፈትነው። ከሶኬት ተነቅሎ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ እኔ ባለሁበት። ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ የሚዞር ቦይ አለ። የተጠቀለለው ሽቦ በዚያ ቦይ ይሄዳል፣ ላዩ በጄሶ ይደፈናል። ጄሶውን ቀስ ብለን ስናነሳ ነገሩ ታየ። ሽቦው አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ያውቃል። የጠገነው ሰው የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን ጎትቶ አገናኝቶታል። የጎተተው በበሩ በኩል ነው።

እዚህ ላይ የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ሁለቱንም ችግር ፈታልን። በሽቦው ሁሉ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። ስለዚህ ሽቦው ጥቅጥቅ ብሎ የተቀመጠበት ቦይ ይሞቃል፣ የተወጠረበት ይቀዘቅዛል። ደግሞም ሽቦው አጥሯል፤ ሽቦ ሲያጥር ከረንቱን የሚገታው ኃይል (በኦም የሚለካው) ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል። ቴስተሩ 11.5 ኦም አነበበ። 220ን በ11.5 ስናካፍል 19 አምፔር ይመጣል። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ነው የሚወስደው። ብሬከሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። አስሉ ስላቸው አንዱ ልጅ ገና ቴስተሩ ሲነበብ ደብተሩ ላይ ጽፎት ነበር።

አዲስ ሽቦ ከመርካቶ ገዛን። ቦዩን በክር ለክተን 7 ሜትር ከ40 አገኘን። ሁለት ሚስማር በዚያው ርቀት መትተን ሽቦውን በመካከላቸው እኩል ወጠርነው፣ በየግማሽ ሜትሩ ምልክት አደረግን። ሽቦው ቦዩ ውስጥ ሲገባ ምልክቶቹ ከቦዩ ምልክት ጋር መግጠም አለባቸው። ይህ ሥራ ሦስት ዓርብ ወሰደ። ሁለት ጊዜ አፍርሰን ሠርተነዋል፣ ልጆቹ ግን አንድም ቀን «ይበቃል» አላሉም። ቴስተሩ 13.9 ኦም ሲያነብ፣ ማለትም ከረንቱ ወደ 16 አምፔር ሲመለስ፣ ጭብጨባው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ተሰማ።

አንድ ማሳሰቢያ ለወላጆች። ጄሶው ሳይደርቅ ምጣድ አይሰካም። እርጥብ ጄሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የብረቱን አካል የነካ ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። እኛ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆየነው። ምጣድን ዲቫይደር ላይ መሰካትም አደገኛ ነው። 16 አምፔር ለቀጭን ገመድ ብዙ ነው፣ ገመዱ ይሞቃል፣ ይቀልጣል።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ምጣዱን መልሰን ወሰድን። እናትየው በጎመን ዘር አሟሹት። የዱቄት ካርታው ተነሰነሰ። ከጠርዙ ጠበብ ያለ ነጭ ቀለበት በቀር ሙሉው አንድ ዓይነት ቀላ። ብሬከሩም አልወረደም። ቀጥለው ሊጥ አፍስሰው አክንባሎውን ከደኑ። ሲከፍቱት በበሩ በኩል እንጀራው እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ደርቋል።

እጃቸው ገና አሮጌውን ምጣድ ነበር የሚያስታውሰው። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ «እማዬ፣ አሁን እኩል አፍሺው» አላቸው። ጣሳውን ሞሉና እንደገና ጀመሩ።