ማሽን ያልኳት ልጅ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን።

ያለፈው እሁድ ስልክ እስካሁን ይከነክነኛል። አብራሽ የምትኖረው ልጅ፣ ወላጆቿ ከኮሪያ የመጡት፣ በዋና ውድድር አንደኛ ወጣች ስትዪኝ «እነሱማ ማሽን ናቸው፣ ምን ይደንቃል!» አልኩ። ለጨዋታ ነበር። አንቺ ግን ዝም አልሽ። ቆይተሽ «አባዬ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ስትወጣ የምሰማት እኮ እኔ ነኝ» አልሽኝ። ፀጉሯን የቱንም ያህል ብትታጠብ የክሎሪኑ ሽታ እንደማይለቃትም ነገርሽኝ። ስልኩን ስዘጋ እናትሽ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብሰብ አድርግ» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ትዝ ይልሻል? ፍልሰታ ነበር። አልማዝ አያና በሪዮ ኦሎምፒክ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ29:17.45 ስትጨርስ እናትሽ እልል ብላ ስትነሳ ረከቦቱ ሊገለበጥ ለትንሽ ነው የተረፈው። የተሰበረው የቻይናዊቷ የዋንግ ጁንሺያ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ቤጂንግ ላይ የሮጠችው 29:31.78። እኔም «የዚያችኛዋማ የአበረታች መድኃኒት ነው» ብዬ ቡናዬን ፉት አልኩ። ብዙም ሳይቆይ የውጭ ጋዜጠኞች አልማዝንም ስለ ዶፒንግ ጠየቋት። እሷም ዶፒንጌ ልምምዴና ኢየሱስ ነው አለቻቸው። ደሜ ፈላ። «ጥቁር ሲያሸንፍ አይወዱም!» እያልኩ ሳሎኑን ስዞር አመሸሁ። ከአንድ ሲኒ ቡና በፊት ያልኩትን ረስቼ።

በዋንግ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከመሬት የተነሳ ነው አልልሽም። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ፣ እሷና የቡድን ጓደኞቿ ፈርመውበታል የተባለ የቆየ ደብዳቤ ይፋ ወጥቶ ነበር። መድኃኒት እንድንወስድ ተገደናል ይላል። እውነት ከሆነ እነዚያ ልጆች የተበደሉ ናቸው። ዕዳውን ግን የከፈለችው ሌላ ሰው ናት።

ቻይናዊቷ ዋናተኛ ዬ ሺዌን ለንደን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። በ400 ሜትር ድብልቅ ዋና የመጨረሻውን 50 ሜትር የወንዶቹን ወርቅ ከወሰደው ከሪያን ሎክቴ ፈጥና ዋኘች። በቃ፣ አንድ አሜሪካዊ አሰልጣኝ ወጥቶ ነገሩ ያሳስባል አለ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሎክቴ በጠቅላላው ሰዓት ከ23 ሰከንድ በላይ ይበልጣታል፤ ይህን ማን ያንሳው? ምርመራዋ ንጹህ ነበር። እስቲ አስቢው፣ 16 ዓመት! አንቺ በዚያ ዕድሜሽ አንድ ዘመድ በነገር ወጋ ካደረገሽ ምሳ አትበይም ነበር።

ሲሸነፉ ደግሞ ሌላ ነው። ሚሼል ክዋን ከቻይናውያን ወላጆች ካሊፎርኒያ የተወለደች የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ ታራ ሊፒንስኪ ቀደመቻት። ሁለቱም ለአሜሪካ ነው የተወዳደሩት። አንድ የአሜሪካ የዜና ድረ ገጽ ግን «አሜሪካዊቷ ክዋንን አሸነፈች» ብሎ አረፈው። ይቅርታ ጠየቁ፤ ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ጋዜጣ ያንኑ ደገመው። ይህን ሳነብ ነገ እዚያ የምትወልጃቸው ልጆች ታወሱኝ። (አትቆጪ፣ አግቢ ማለቴ አይደለም።)

ከገዛ አገር የሚመጣም አለ። ኮሪያዊቷ ቀስተኛ አን ሳን ቶኪዮ ላይ 3 ወርቅ ስትወስድ፣ የአገሯ ወንዶች በኢንተርኔት ፀጉርሽን ለምን አሳጠርሽ ብለው ሰደቧት። ሜዳሊያዋ ይነጠቅ ያሉም ነበሩ። ለፀጉር!

ሰሞኑን ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ ጥቂት ነገር ልኬልሻለሁ። በርበሬውና ዳቦ ቆሎው ያንቺ ነው። በሶው ለጓደኛሽ ነው፤ ሌሊት ስትወጣ በጥብጣ ትጠጣው፣ ሯጮቻችንም ያውቁታል። ላዩ ላይ ስሟን ልጽፍ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ ነው ስሟን ጠይቄሽ እንደማላውቅ የገባኝ። እሁድ ስትደውዪ ንገሪኝ።

አባትሽ