የታሪክ ክበብ በ2017፦ ከወረራ ማግስት ሰው እንዴት ይኖራል?

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን አመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። አንድ ሀገር በሌላ ጦር ከተያዘ በኋላ እዛ ያለው ገበሬ፣ ጸሐፊ፣ ቄስ ምን ይሆናል? በየትኛው ቋንቋ ያወራል፣ ለማን ይገብራል፣ ቀኑን በምን ይቆጥራል? የአድዋውን ግጥምና የጥያቄና መልስ ውድድሩን እንደወትሮው አዘጋጅተናል፣ እነሱን ሁላችሁም ስላያችኋቸው አልደግማቸውም፣ ይሄ ዘገባ ስለ አርብ ከሰአቱ ስብሰባችን ነው ምክንያቱም ክበቡ ዘንድሮ የለፋው እዛ ላይ ነው።

የመረጥነው ግብፅን ነው። (አመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።) በድምጽ ነው የተመረጠው፣ ሜክሲኮም ኖርማኖች የያዟት እንግሊዝም ቀርበው ነበር፣ ግብፅ ያሸነፈችው ለኛ ቅርብ ስለሆነች ነው። ጳጳስ ከእስክንድርያ እየመጣልን ስንት መቶ አመት ኖረናል፣ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1959 ነው፣ ስለዚህ እዛ ኮፕቶች፣ ማለትም የግብፅ ክርስቲያኖች፣ ላይ የደረሰው ነገር እየዞረ እኛም ቤት ገብቷል። ክበቡ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ልጆች አሉ፣ ርእሱ እንዳያጋጫቸው የሰጉ መምህራን ነበሩ፣ እኔ ግን ልጆቹን አምናቸው ነበር፣ እነሱም አኮሩኝ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ639 መጨረሻ የአረብ ሙስሊሞቹ አዛዥ አምር ኢብን አል-አስ ጦሩን ይዞ ግብፅ ገባ፣ በ641 ባቢሎን የሚባለው ምሽግ ተያዘ፣ ቦታው ዛሬ የድሮው ካይሮ የሚባለው ሰፈር ነው፣ እስክንድርያ ደግሞ በዛው አመት መጨረሻ ውል ገብታ በ642 ተለቀቀች። ከዛ በፊት ሲገዛ የነበረው ቢዛንታይን፣ መናገሻው ቁስጥንጥንያ የሆነው የምስራቅ ሮማ መንግስት፣ ነው፣ ማለትም ኮፕቶቹ በፊትም በራሳቸው ሰው አልነበረም ሚገዙት፣ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ከቁስጥንጥንያ ጋር በሃይማኖት ተጣልተው ፓትርያርካቸው ብንያም ከመንግስት ሸሽቶ ለአመታት ተደብቆ ነበር፣ ወደ መንበሩ የተመለሰው አምር ዋስትና ሰጥቶት ነው። ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ ታዲያ ወራሪው የቱ ነው?» አለች አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ። ሁለቱም ናቸው አልኳት። ለገዢ መልካምና ክፉ የሚል ስም ለጥፈን ከሄድን ከገዢው በታች ያለውን ሰው ሳናየው እናልፋለን፣ እኛ ደግሞ ማየት የፈለግነው እሱን ነው።

እሱን ያገኘነው አንድ ደረሰኝ ላይ ነው። ይሄ ደረሰኝ በፓፒረስ የተጻፈ ሆኖ ዛሬ ቪየና የኦስትሪያ ብሄራዊ ቤተ መጻህፍት ውስጥ አለ፣ ቀኑ በፈረንጅ ኤፕሪል 25፣ 643 ነው፣ ሀገሩ ከተያዘ ገና ሁለት አመት ቢሆነው ነው። ፎቶውን በፕሮጀክተር ትልቅ አድርገን ግድግዳው ላይ ጣልነውና መብራቱን አጥፍተን ዝም ብለን አየነው። ላይ ላዩ በግሪክኛ፣ ከስር በአረብኛ ነው የተጻፈው፣ የግሪክኛውን የጻፈው ዮሐንስ የሚባል ዲያቆን ነው፣ የአረብኛውን ኢብን ሐዲድ። ሁለቱም በእግዚአብሔር ስም ይጀምራሉ። ጉዳዩ በግ ነው! አብደላህ የሚባል አዛዥ ኢህናስያ ከሚባለው ከተማ አካባቢ ሹማምንት 65 በግ ተቀበለ፣ 50ው ለእርድ፣ 15ቱ ተጨማሪ፣ ለመርከበኞቹና ለፈረሰኞቹ ለእግረኞቹም ስንቅ። ከጀርባው ደግሞ በግሪክኛ በጎቹ ከዛ አመት ግብር ላይ እንደሚታሰቡ ተጽፏል። ልጆቹ እዚህ ጋ ነው የነቁት። ድል ያደረገ ጦር የፈለገውን ነድቶ ይሄዳል ብለው ነበር ሚያስቡት፣ እዚህ ግን በግ ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ደረሰኙም ከግብር ይቀነሳል፣ ግብሩን የሚሰበስቡትም እነዛው የድሮዎቹ ክርስቲያን ሹሞች ናቸው፣ ጸሐፊውም ያው የድሮው ነው። አባቱ ቀበሌ የሚሰራ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ሊቀመንበር ሲቀየር እኮ ጸሐፊው አይቀየርም» አለ፣ አመቱን ሙሉ ከዚህ በተሻለ አልገለጽነውም።

ከዛ ግን እዛው መቆም አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም ልጆቹ «እንዴ ምንም አልተቀየረማ» ወደሚለው መንሸራተት ጀመሩ፣ እሱም ልክ አይደለም። ለውጡ ቀስ ብሎ መጣ፣ ከላይ ከቢሮ ጀምሮ። በ705 አካባቢ የመንግስት መዝገብ ወደ አረብኛ እንዲዞር ታዘዘ፣ ግን ትእዛዝና ተግባር ሌላ ነው፣ ከዛ በኋላ በ709 አገረ ገዢ ሆኖ የተሾመው ቁራ ኢብን ሸሪክ አፍሮዲቶ ለሚባል ትንሽ ከተማ አስተዳዳሪ የላካቸው ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፣ በአረብኛም በግሪክኛም ናቸው፣ ከቢሮው የወጡ የኮፕትኛ ወረቀቶችም አሉ። አስተዳዳሪው ባሲልዮስ ይባላል፣ ክርስቲያን ነው፣ ደብዳቤዎቹ ደግሞ አብዛኛዎቹ ግብሩን ለምን አዘገየህ፣ የሸሹትን ገበሬዎች ፈልገህ መልስ፣ ሰራተኛ ላክ የሚሉ ናቸው። ሶስት ቋንቋ በአንድ ቢሮ። ጸሐፊ ሆኖ እንጀራውን ሚበላ ሰው ልጁን የትኛውን ቋንቋ ያስተምራል? አረብኛን ነዋ። ማንም ሰይፍ መዞ ኮፕትኛ አታውሩ ሳይል የቋንቋው እጣ እዛ ተወሰነ ብዬ አምናለሁ።

ሰይፍ ግን አልነበረም ማለቴ አይደለም። ጂዝያው (ሙስሊም ያልሆነው ሰው የሚከፍለው ግብር)፣ የመሬት ግብሩ፣ ቀድሞ ከግብር ነጻ የነበሩት መነኮሳት ላይ ሳይቀር የተጣለው ግብር ሰውን አስመርሮ ከ725 ጀምሮ ተደጋጋሚ አመጽ ተነስቷል፣ የመጨረሻው ትልቁ የአባይ ዴልታው የባሽሙር አካባቢ አመጽ በ831 ተነስቶ ኸሊፋው አል-መእሙን ራሱ ግብፅ ድረስ መጥቶ ነው በ832 ያደቀቀው፣ የተረፉት ከሀገር ተነቅለው ተወሰዱ። አንዷ አባላችን ስለ ባሽሙር ያቀረበችው ጽሁፍ ላይ አመጹን ያነሱት ኮፕቶች ብቻ እንዳልነበሩ፣ እዛው የሰፈሩ አረቦችም በግብሩ ተማረው አብረው እንደተነሱ አወጣችልን፣ ይሄን ሌሎቻችን አልፈነው ነበር። ጸጥ ያለው ክፍል ውስጥ ይሄን ስታነብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ አንድ አይነት ፊት ነበረው። ታሪክ ማስተማር ምወደው ለእንደዚህ አይነት ሰአት ነው።

ኮፕትኛ በመጨረሻ ከየቤቱ ጠፋ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፓትርያርክ ገብርኤል ሁለተኛ አባታችን ሆይና ጸሎተ ሃይማኖት ለህዝቡ በአረብኛ እንዲብራራ አዘዘ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የኮፕት ሊቃውንት የራሳቸውን ቋንቋ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በአረብኛ መጻፍ ያዙ፣ ልጆቻቸው እንዳይረሱት። ያሳዝናል። ግን እዩት፣ በዛው ዘመን፣ በዛው ባሸነፋቸው ቋንቋ፣ ትልልቅ መጽሐፍ ጻፉ። ከነዛ አንዱ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የሚባለው ኮፕት ያሰናዳው የህግ መጽሐፍ ነው፣ እሱ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ እኛ ጋ ስሙ ፍትሐ ነገሥት ሆነ። አዎ፣ ነገስታቶቻችን የፈረዱበት ፍትሐ ነገሥት መጀመሪያ የተጻፈው በአረብኛ ነው፣ ውስጡም የሮማ ህግ አለ። በወረራ ተይዞ ቋንቋውን የቀየረ ህዝብ በአዲሱ ቋንቋው የጻፈው መጽሐፍ ያልተያዘ ሀገር ህግ ሆነ ማለት ነው፣ ይሄን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ይሄን ይዘን በየካቲት በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ካለው ቤተክርስቲያን አንድ መሪጌታ ጋብዘን ነበር። ሶስት ልጆች ሄደው በአክብሮት ጠይቀዋቸው «እናንተ ትንንሾቹ ፍትሐ ነገሥት ምን አስጠማችሁ?» ብለው ስቀው መጡልን። በትውፊቱ መጽሐፉ በኒቅያ የተሰበሰቡት የሠለስቱ ምዕት እንደሆነ ነገሩን፣ ከዛ አንቀጽ በግእዝ እያነበቡ በአማርኛ ተረጎሙልን፣ ከክበቡ አረብኛ የምታነብ ልጅ ደግሞ የአረብኛውን ርእስ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈችላቸው። መሪጌታ ቆመው አዩትና «ይሄ ሁሉ መንገድ ተጉዞ ነው የመጣው በይኛ፣ ልጄ» አሏት። ከዛ በኋላ ለግማሽ ሰአት ያህል እሳቸው ጠያቂ፣ እሷ መላሽ ሆነች።

አሁን ወደ ኤግዚቢሽኑ ልምጣ፣ ወላጆች በብዛት የጠየቁኝ ስለሱ ስለሆነ። ግድግዳውን ሙሉ የያዘው ሰንጠረዥ የወሮቹ ነው፦ ቱት መስከረም፣ ባባ ጥቅምት፣ ሃቱር ህዳር፣ ኪያህክ ታህሳስ፣ ጡባ ጥር፣ አምሺር የካቲት፣ ባራምሃት መጋቢት፣ ባራሙዳ ሚያዝያ፣ ባሻንስ ግንቦት፣ ባኡና ሰኔ፣ አቢብ ሀምሌ፣ ሚስራ ነሀሴ፣ ናሲ ጳጉሜ። ቱት መጀመሪያው ቶት ከሚባለው የፈርኦኖቹ አምላክ ነው፣ ሃቱር ከሃቶር። አስራ ሶስቱም ወር ከኛ ጋር በአንድ ቀን ይገባል በአንድ ቀን ይወጣል፣ አመቱ ብቻ ነው ሚለየው፣ የኛ 2017 የነሱ 1741 ነው፣ እነሱ የሮማው ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሰበት ከ284 ስለሚቆጥሩ። ያ የበጉ ደረሰኝም ግሪክኛው ላይ ያለው ቀን ፋርሙቲ 30 ነው፣ ፋርሙቲ ያው ባራሙዳ ነው፣ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በጣቱ ቆጥሮ «ሚያዝያ 30 ማለት እኮ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ደግመን ቆጠርነው፣ ልክ ነው።

ደስ የሚለው ደግሞ ይሄን አቆጣጠር ግብፅ ውስጥ የያዘው ኮፕቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሙስሊሙ ገበሬም የሚዘራው የሚያጭደው በዚሁ ነው፣ ረመዳኑንና ሀጁን በሒጅራ ይቆጥራል፣ እርሻውን ግን በቱትና በባባ፣ ምክንያቱም የጨረቃ አመት ከወቅቱ ጋር አይሄድም። አምሺርን የነፋሱ አባት ይሉታል፣ ጡባ ደግሞ ብርዱ ወጣቷን አሮጊት ያደርጋታል ይባላል። ቤተሰቧ ከወሎ የሆነች ሙስሊም አባላችን «አያቴም እንደዛ ነው፣ ጾሙን በጨረቃ፣ እህሉን በህዳር» አለች፣ እኔ ለማስረዳት ሙሉ ክፍለ ጊዜ የመደብኩለትን ነገር። ከሰንጠረዡ ጎን ደግሞ ልጆቹ በካርቶን የሮዳ ደሴትን የአባይ መለኪያ ሰርተዋል፣ በ861 በአባሲዶቹ፣ ማለትም በነአል-መእሙን ስርወ መንግስት፣ ዘመን የተሰራው ነው፣ መሃሉ ላይ በክንድ የተከፋፈለ አምድ አለው፣ ድሮ ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ነበር ግብር የሚጣለው፣ ከፈርኦኖቹ ጀምሮ የነበረ ልማድ በአዲስ ገዢ ስም ቀጠለ ማለት ነው። የውሃው መምጫ የኛ ክረምት መሆኑን ልጆቹ በሰማያዊ ማርከር ከጣና ጀምረው ስለውታል፣ ወላጆች ፎቶ የተነሱት እሱ ጋ ነው።

ካይሮ የምትሰራ የአንዱ አባላችን አክስት በቴሌግራም ድምጽ ልካልን ነበር፣ ስለ ሻም ኤል-ነሲም። ከፋሲካ ማግስት ያለው ሰኞ፣ የኛ ማዕዶት ማለት ነው፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ምግቡን ይዞ መናፈሻ ይወጣል፣ ቀለም የተቀባ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ፈሲኽ የሚባል በጨው የከረመ አሳ። «ሽታው አይነገርም እኔ ግን ለምጄዋለሁ፣ አሰሪዬ ሀጃ ናት፣ ጎረቤታችን ኮፕት ናት፣ አሳውን አንድ ላይ ነው ሚገዙት» ትላለች። ድምጹን ሶስቴ አጫወትነው። ብዙዎች በአሉን ከፈርኦኖቹ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ቋንቋ ሄደ፣ ለአብዛኛው ሰው ሃይማኖትም ተቀየረ፣ ሰኞ ቀን አሳና ሽንኩርት ይዞ ሜዳ መውጣቱ ግን አልጠፋም። አንዱ ልጅ ታዲያ ምን ጠቀመ፣ ትልቁን ነገር አጥተው ትንሹን ይዘው አለ፣ ሌላዋ ትንሽ ያልከው እኮ ሁሉንም አንድ ላይ ያስቀመጠው ነው አለችው፣ ክርክሩ ደወል እስኪደወል አልቆመም፣ እኔም አላስቆምኩትም፣ ሁለቱም የያዙት እውነት አለው።

ምስጋናዬን ላቅርብ። የቤተ መጻህፍቷ ባለሙያ እትያችን የራሷን ምሳ እየተወች ቁልፍ ሰጥታናለች፣ የአይሲቲው መምህር ፕሮጀክተሩን በየአርቡ ገጥሞልናል፣ ርእሰ መምህራችን ለካርቶንና ለቀለም ጠይቀን አልከለከሉንም። መሪጌታን ደግሞ ክበቡ የክብር አባል አድርጓቸዋል፣ ደብዳቤውን ልጆቹ ራሳቸው ወስደው ሰጥተዋቸዋል።

ለመጪው አመት ሜክሲኮ ተይዟል፣ ከ1521 የስፔን ወረራ በኋላ የናዋ (የሀገሬው ነባር ህዝብ) ጸሐፊዎች የስፔኖቹን ፊደል ተምረው በራሳቸው ቋንቋ የጻፏቸው ኑዛዜዎችና የመሬት ወረቀቶች አሉ፣ ከነሱ እንጀምራለን። ከዛ ጎን ለጎን የራሳችንን አካባቢ ወረቀት መሰብሰብ እንፈልጋለን። ቤታችሁ የአያት የቅድመ አያት የግብር ደረሰኝ፣ የመሬት ውል፣ የድሮ የእድር መዝገብ ካለ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልን፣ ኦሪጅናሉ ቤት ይቅር፣ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ የሰው ስም ያለበትን ሸፍነን ነው ምንጠቀመው። ምዝገባ መስከረም ትምህርት እንደተጀመረ በቤተ መጻህፍቱ በኩል ነው፣ 9ኛ ክፍሎች በተለይ ኑ።