መቀስ ለቆረቆር ናሙና አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የልጆች ቆረቆር ፎረፎርንም ችፌንም ሊመስል ስለሚችል ናሙናው ላቦራቶሪ ይላካል። «ፈንገስ አልታየም» የሚል ውጤት ሲመጣ ግን ወላጅም ሐኪምም ቶሎ ባያምኑት ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ናሙናው ሲወሰድ ነው።

በአገራችን ቆረቆርን በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለ ፈንገስ ነው። ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚራባ ፀጉሩ ከቆዳው ብቅ እንዳለ ይሰበራል፤ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ነው። ታዲያ በመቀስ የተቆረጠ ረጅም ፀጉር ምን ያደርጋል? እሱ እኮ ጤነኛው ነው! ቦታው በ70 በመቶ አልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ፣ ጥቁር ነጥቦቹ ከነቅርፊታቸው በደነዘዘ ምላጭ ይፋቁ፤ ጉቶውም በወረንጦ ከሥሩ ይነቀል። የገላ ጭርት ከሆነ የሚፋቀው ጠርዙ ነው፤ መሐሉ እየዳነ ስለሚሄድ ብዙ አይገኝበትም። ናሙናው በታጠፈ ንጹሕ ወረቀት ይላክ። ፕላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ያልበውና ባክቴሪያና ሻጋታ ይቀድሙታል።

«ዉድ» በሚባለው የአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ መወሰንም ያሳስታል። ማይክሮስፖረም ካኒስ የተባለው ሌላ ፈንገስ በመብራቱ ሥር አረንጓዴ ያበራል፤ ቫዮላሲየም ግን አያበራም።

ናሙናው ስላይድ ላይ፣ ፀጉሩንና ቅርፊቱን አለስልሶ ፈንገሱን የሚያጋልጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ተደርጎበት፣ ተሸፍኖ፣ ለስለስ ባለ ሙቀት ይሞቃል። ከፈላ ክሪስታል ይሠራና እይታውን ያበላሻል። የማይክሮስኮፑ ብርሃን ቀነስ ተደርጎ 40 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ ሲታይ፣ ስፖሮቹ (የፈንገሱ መራቢያ ቅንጣቶች) በፀጉሩ ውስጥ እንደ ዶቃ ተደርድረው ይገኛሉ። የጥጥ ክር የፈንገስ ክር መስሎ ጀማሪን ያታልላል፤ የጥጡ ግን ውፍረቱ ወጥ አይደለም፣ ክፍልፋይም የለውም።

ፈንገሱን ከናሙናው ማሳደጉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባክቴሪያንና ሻጋታን የሚገቱት ክሎራምፌኒኮልና ሳይክሎሄክሲማይድ የተጨመሩበት ሳቡሮ አጋር (የፈንገስ ማሳደጊያ ምግብ) ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ላይ 4 ሳምንት ይቆይ። ቫዮላሲየም ዘገምተኛ ነው፤ ሰም የመሰለው ሐምራዊ፣ የተጨማደደ እድገቱ በደንብ ሳይታይ 2 እና 3 ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። በሳምንቱ «አልበቀለም» ብሎ ሳህኑን መጣል ናሙናውን አብሮ መጣል ነው።

ናሙና ላኪዎች በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፉልን፦ ልጁ የፈንገስ ቅባት ተቀብቶ ወይም መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ፣ ከጥጃና ከላም ጋር ይውል እንደሆነ። ከከብት የሚተላለፈው ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም የሚወደው 37 ዲግሪ ነው፤ ካልተነገረን 25 ላይ አስቀምጠን በከንቱ እንጠብቀዋለን።

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ