«ሒሳብ አያያዝ እንጂ ሒሳብ አላልንም»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው፤ የሥራ ማስታወቂያው እዚያ ስለሚወጣ። ሥራ ልቀይር አስቤ አይደለም። (እሺ፣ አንዳንዴ አስባለሁ።) የምፈልገው አንድ ቃል ነው። ከተፈላጊው የትምህርት መስክ ሥር አካውንቲንግ አለ፣ ማኔጅመንት አለ፣ ኢኮኖሚክስ አለ። መጨረሻ ላይ «ወይም ተዛማጅ» ይላል። ሒሳብ የለም።

ዓምና «ተዛማጅ» የምትለዋን ቃል አምኜ፣ ማስረጃዬን ኮፒ አስደርጌ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሥራ መደቡ የስርጭት ዕቅድ ባለሙያ ይላል። መዝጋቢዋ ልጅ ወረቀቴን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «እህቴ፣ እኛ እኮ ሒሳብ አያያዝ እንጂ ሒሳብ አላልንም» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

በልጅቷ አልፈርድም። አንዱን ቃል ለስንት ነገር ነው የምናውለው! ካፌ ቁጭ ብለን «ሒሳብ!» እንላለን፤ ባንክ ሄደን ሒሳብ እንከፍታለን፤ እኔም ሒሳብ አስተምራለሁ። እናቴ ማስተርስ ልማር መሆኑን ስነግራት «ማባዛቱ እስካሁን አላለቀም?» ነው ያለችኝ።

ማስተርሴን የተማርኩት እንደ ብዙ መምህር በክረምት በክረምት ነው። መስኩ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል፤ ያለውን ውስን ነገር በትንሹ ወጪ እንዴት እናዳርሰው የሚል ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ቲዎረም በማረጋገጥ ብቻ አለቀ። በሁለተኛው ላቋርጥ ነበር። ያስቀጠለኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ ለስላሳ ያከፋፍላል። ሁለት አይሱዙና ሁለት መጋዘን አለው፤ አንዱ መጋዘን ኮምቦልቻ፣ አንዱ ደሴ። ደንበኞቹ ሐርቡ፣ ባቲ፣ ሐይቅና ኩታበር ናቸው። የትኛው ከተማ ከየትኛው መጋዘን እንደሚጫንለት የሚወስኑት ሾፌሮቹ ነበሩ። እነሱ ደግሞ ምሳቸውን አስበው ነው የሚወስኑት። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ደብተሬን አወጣሁ። ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ በአንድ በኩል መጋዘኖቹ፣ በሌላው ከተሞቹ፣ መሀል ላይ ለአንድ ሳጥን የሚወጣው የነዳጅ ወጪ። ትራንስፖርቴሽን ፕሮብሌም ይሉታል፤ ፍራንክ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1941 የጻፈበት ጥያቄ ነው። አቦል ላይ ጀምሬ በረካ ላይ ጨረስኩ።

የሐይቅ ጭነት ከኮምቦልቻ ተነስቶ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ይወጣል። የሐርቡ ደግሞ ከደሴ ተነስቶ ያንኑ ሐረጎ ይወርዳል። ሁለቱ ሾፌሮች ዳገቱ ላይ ክላክስ ተሰጣጥተው ይተላለፉ ነበር! አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና «ይሄን ለማየት ማስተርስ ያስፈልጋል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሁለት መጋዘንና ለአራት ከተማ ዓይን ይበቃል። አሥር መጋዘንና መቶ ከተማ ሲሆን ግን ዓይን አይችለውም። ለዚያ ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ያመጣው ሲምፕሌክስ የሚባል ስልት አለ፤ የማስተርስ ኮርሴ ግማሹ እሱ ነበር።

ከዳንትዚግም በፊት፣ ሌኒንግራድ ውስጥ፣ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የተባለ የሒሳብ ሰው ነበር። የኮምፔንሳቶ አምራቾች የትኛውን እንጨት በየትኛው ማሽን ቢሠሩ ብዙ እንደሚያመርቱ ጠየቁት። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1939 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኖቤል ተሸለመ፤ ሽልማቱም የኢኮኖሚክስ ነው። የተመረቀው ግን በሒሳብ ነበር። ዓምና ኮምቦልቻ ቢያመለክት ኖሮ አብረን ነበር በሚኒባስ የምንመለስ።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ልብስ በሚሰፋበት ቦታ ሁሉ ጨርቅ ሳይባክን መቁረጥ ራሱን የቻለ የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሌላም አለ። ከደሞዜ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ መንግሥት 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህ ገንዘብ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይበቃ እንደሆነ የሚያሰላው ባለሙያ አክቹዋሪ ይባላል። ማስተርስ ብቻውን አክቹዋሪ አያደርግም፤ ዓመታት የሚፈጅ የሙያ ፈተና አለው። የሚሠራው ግን በፕሮባቢሊቲና በወለድ ስሌት ነው፤ እሱ ደግሞ የኛ ቤት ነው። የኢንተርኔት ምስጢር ከሚጠበቅባቸው ስልቶች አንዱም፣ አርኤስኤ የሚባለው፣ ሁለት ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ውጤቱን መልሶ መበተን ግን እጅግ ከባድ መሆኑ ላይ የቆመ ነው። (እናቴ ማባዛቱ አላለቀም ወይ ያለችው ለካ አላለቀም።)

የራሳችንንም ጥፋት ልናገር። መመረቂያ ጽሑፌ ከዳር እስከ ዳር ቀመር ነበር፤ አንድም የአገር ቤት ቁጥር የለበትም። የአጎቴን ሠንጠረዥ እንኳ አላስገባሁም፤ ቀለለብኝ፣ አፈርኩበት። ኮምፒውተር ላይ ኮድ መጻፍም አልተማርኩም ነበር። ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ያስተማረኝ፣ ከተመረቅኩ በኋላ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ቀጣሪ ይህን ቢጠይቀኝ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ሳይጠይቀኝ ሲመልሰኝ ነው።

እናንተን የማስቸግረው በአንድ ነገር ነው። ማስታወቂያ ስትቀበሉ፣ ቀጣሪውን «ተዛማጅ ሲሉ ሒሳብ ይገባበታል?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ይገባል ካለ ይጻፍ። አይገባም ካለም ይጻፍ፤ ቢያንስ የኮፒና የሚኒባስ ብሬ ይተርፈኛል።

የሒሳብ መምህርት
ከደሴ