ስለ አዲሱ ዳቦ ጋጋሪያችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

በናሽቪል ኖለንስቪል መንገድ በሚገኘው መደብራችን ጓሮ የዳቦ ምድጃ መተከሉንና በዚያ የሚጋግሩት ሰው ኩርድ መሆናቸውን አይታችሁ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎች ሥጋውም ተቀይሮ እንደሆነ በስልክም በአካልም ስለጠየቃችሁን ይህን ምላሽ ጽፈናል።

ሥጋው አልተለወጠም። አቅራቢው የቀድሞው ነው፤ ቢላዋውም ማቀዝቀዣውም ለብቻ ነው። ጋጋሪያችን ሙስሊም ናቸውና ለቤተሰባቸው ሥጋ የሚገዙት ከሐላል ሱቅ ነው፤ ጉዳዩንም እኛ ከማንሣታችን በፊት ያነሡት እርሳቸው ናቸው። ዳቦው ደግሞ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው በቀር ምንም ስለማይገባበት ለጾም ይሆናል።

እኒህ ሰው እንዴት ወደዚህ እንደመጡ ለጠየቃችሁ፣ በፈቃዳቸው ጥቂት እንናገራለን። እ.ኤ.አ. በ1996 ነሐሴ መጨረሻ የሳዳም ሁሴን ጦር በሰሜን ኢራቅ ወደምትገኘው የኩርዶች ከተማ ኤርቢል ሲገባ፣ ከአሜሪካ መንግሥትና ከአሜሪካ የረድኤት ድርጅቶች ጋር ይሠሩ የነበሩ ኩርዶች ከነቤተሰቦቻቸው ለሕይወታቸው ሰግተው ስለነበር፣ 6,600 ያህል ሰዎች በቱርክ በኩል በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለችው የአሜሪካ ግዛት ወደ ጓም ደሴት ተወስደው ጉዳያቸው ከታየ በኋላ በልዩ ልዩ የአሜሪካ ከተሞች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ጋጋሪያችን ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ። በሱዳን ወይም በኬንያ መጠለያ ስሙ እስኪጠራ የጠበቀ ደንበኛችን የቀረውን ሳንነግረው ያውቀዋል።

ወደ ናሽቪል የመጡት ዘመድ ስለነበራቸው ነው። በኢራቅ የተካሄደው የኩርዶች ትግል እ.ኤ.አ. በ1975 ከከሸፈ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1976 እዚህ ደርሰው ነበር፤ የፊተኛው የኋለኛውን እየጠራ ዛሬ ከተማዋ በአሜሪካ ትልቁ የኩርዶች ማኅበረሰብ የሚገኝባት ሆናለች፣ ሰፈራቸውም ትንሿ ኩርዲስታን ይባላል። እኛም ዕድር ያቋቋምነው እንዲሁ እየተጠራራን መሆኑን የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ። (ሻይን እነርሱም በሚመስል ቃል «ቻይ» ይሉታል፤ በዚህ ቃል ያለ አስተርጓሚ ተግባብተናል።)

በመጨረሻም፣ ማርች 20 እና 21 ማለትም መጋቢት 11 እና 12 የኩርዶች አዲስ ዓመት ኔውሮዝ ስለሆነ ምድጃው አይነድም። በዋዜማው ደመራ የሚመስል እሳት ስለሚያነዱ ጋጋሪያችን ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ጋብዘዋል። እንጀራ በሁለቱም ቀናት ይኖራል፤ ዳቦ የምትፈልጉ ግን እስከ መጋቢት 10 ማታ ድረስ እንድታዝዙ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የመደብሩ ባለቤቶች