ቱርቦ ለሚገጠምለት ሞተር ክራንክ ሻፍት ስለምንመርጥበት መንገድ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሁለት ወራት ቱርቦ (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ለማስገጠምና ጉልበት ለማስጨመር ሞተራችሁን ካስገባችሁልን መካከል የአንዳንዶቻችሁን ክራንክ ሻፍት (የፒስተኑን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚቀይረውን ዘንግ) ሳንሠራ መመለሳችን እንዳስቀየማችሁ ሰምተናል። ቀብድ ከመቀበላችን በፊት ልንነግራችሁ ይገባ ነበር፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ቀብዱ ያልተመለሰለት ሰው ካለም መጥቶ ይውሰድ። ውሳኔውን ግን አንለውጥም፤ ምክንያቱንም ታግሣችሁ እንድታነቡልን እንለምናለን።

ጉልበት የፈለጋችሁበት ምክንያት ይገባናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ እዚህ የሚሠራው ሩቡን ያህል ጎድሎበት ነው። የቢቸናን ጤፍ ጭኖ፣ ከደጀን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ ሹፌር ቱርቦ ቢመኝ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው የጎረቤት መኪና ገደሉን በሦስተኛ ማርሽ ወጣ ሲባል ናፍጣውንም ንፋሱንም ያለ ልክ አስጨምሮ፣ ክራንኩን ግን «እንደምንም አስተካክሉልኝ» ማለት ሲጀመር ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል የአንድ የቆየ ደንበኛችን ሞተር ገደሉን አጋምሶ ቆመ፤ ክራንኩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። ስባሪውን በናፍጣ አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳየው፣ ስንጥቁ የተነሣው ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) የሚያያዝበት አንገት ከትከሻው ጋር ከሚገናኝበት ጥግ ነበር። ከጥጉ ጀምሮ፣ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ እንደሚያወጣው ክብ፣ ቀጫጭን መስመሮች እየሰፉ ሄደው የስብራቱን ሁለት ሲሶ ሸፍነውታል፤ ያ ክፍል ለስላሳ ነው። የቀረው ሲሶ ግን እንደ ስኳር የሻከረ ነበር። ብረቱ ብዙ ጊዜ ሲሰነጠቅ ኖሮ በዚያች ቀን የተቆረጠው የመጨረሻው ሲሶ ብቻ ነበር ማለት ነው። የክራንኩ አንገት ተልጦ እስከ 1.00 ሚሊሜትር የወረደ (የቀጠነ) ነበር፤ አንገቱን የምንልጥበትን የማሽን ድንጋይ ስስል ደግሞ ጥጉን ክብ አድርጌ መተው ሲገባኝ ስል አድርጌዋለሁ። ሌላ ክራንክ በራሴ ወጪ ተካሁለት፤ እሱ ግን አልጠየቀኝም ነበር፤ ዛሬም ደንበኛችን ነው።

ብዙ ሰው ክራንክ የሚሰበረው አንገቱ ስለሚቀጥን ይመስለዋል። ነገሩ በከፊል ብቻ እውነት ነው። 60 ሚሊሜትር የነበረ አንገት ወደ 59 ቢወርድ በመታጠፍ የሚደርስበት ጫና የሚጨምረው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህ ብቻውን ክራንክ አይሰብርም። የሚሰብረው ጥጉ ሲሳል፣ እንዲሁም ጠንካራው ቆዳ ሲላጥ ነው። በናይትሮጅን የጠነከረ ክራንክ ቆዳው ከጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር አይዘልቅም፤ 1.00 ማውረድ ደግሞ ከየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር መላጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለስላሳው ሥጋ ነው። በዚህ ላይ ቱርቦ ያለው ናፍጣ ሞተር በከባድ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር ሲያቃስት ክራንኩን የሚመታው ኃይል ከሁሉ ይከፋል፤ የአባይ አቀበት ደግሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ቱርቦ ለሚገጠምለት ሞተር ከ0.50 ሚሊሜትር በላይ አናወርድም፤ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ጊዛ የተሠራ ርካሽ አዲስ ክራንክም አንገጥምም። ከሙሉ ብረት ተቆርጦ የሚወጣውን ለእሽቅድምድም መኪና ተዉት፤ ለጭነት መኪና ገንዘብ ማባከን ነው። ገንዘብ ላጠረው የምንመክረው ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ያገለገለ የፋብሪካ ክራንክ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ በመዶሻ ሲመታ እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ይጮኻል፤ ጊዛው ግን ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ጎኑ ላይ ያለው የቅርጽ መጋጠሚያም በተቀጠቀጠው ላይ ሰፊ ነው፤ በጊዛው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ከዚያ በማግኔትና በብረት ዱቄት ስንጥቁን እንፈትሻለን፤ ንጹሕ ከሆነ 0.25 አውርደን፣ ጥጉን ክብ ትተን፣ ሚዛኑን አስተካክለን፣ ለ60 ሚሊሜትር አንገት የብሮንዚናውን (አንገቱ የሚዞርበትን ስስ ተሸካሚ) ክፍተት 0.06 ሚሊሜትር አካባቢ አድርገን እንገጥማለን። ጎማው የደረቀ የፊት ፑሊም አብሮ መቀየር አለበት፤ የክራንኩን መጠማዘዝ የሚያበርደው እሱ ነውና።

«ዕቃ ሊሸጡልን ነው» መባሉ ግን አሳዝኖኛል። ይህን ቤት የከፈትኩት በአንድ አሮጌ ማሽንና በአንድ ልጅ ነበር፤ ያ ልጅ ዛሬ ከእኔ የተሻለ መካኒክ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ድንጋዩም ብሮንዚናውም ዋጋው ምን እንደደረሰ ገበያ የምትወጡ ታውቁታላችሁ። ክራንክ በመለስን ቁጥር የሥራ ዋጋችንን አብረን እንመልሳለን፤ የምናተርፍበት መንገድ ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን እንሠራው ነበር።

ያገለገለ ክራንክ ከእኛ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከየትም ገዝታችሁ አምጡ፤ የስንጥቅ ፍተሻውን በነጻ እናደርጋለን፤ ካልሆነም ምክንያቱን በዓይናችሁ እያያችሁ እንነግራችኋለን። ቱርቦ የማትገጥሙ ደንበኞቻችንን ሥራ እንደ ቀድሞው እስከ 1.00 እንቀበላለን። ያ የተሰበረው ክራንክ ከቢሮው በር ሥር ተቀምጧል፤ ጥጉን በጥፍራችሁ ዳሱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ደብረ ማርቆስ