ሁሉም ማሳከክ ፈንገስ አይደለም

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ሴት ብልት ኢንፌክሽን ሰፋ አርጋችሁ ብትጽፉ ብዬ ነው። ብዙ ሴቶች ትንሽ ካሳከካቸው ወይ ፈሳሽ ከበዛባቸው «ፈንገስ ነው» ብለው ሳይመረመሩ ክሬም ይገዛሉ፣ ሻል ይላቸውና ይመለሳል፣ ከዛ ሌላ ክሬም፣ እንዲህ እያሉ ወራት ይሄዳል።

ፈንገሱ ካንዲዳ የሚባለው ነው፣ ክፉኛ ያሳክካል ያቃጥላል፣ ፈሳሹ ነጭና እንደረጋ ወተት ጓል ጓል ያለ ነው፣ ሽታ ግን የለውም ማለት ይቻላል። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ፣ በእርግዝና ጊዜ ወይ ስኳር ካልተስተካከለ ይመጣል። ከ4 ሴት 3ቷን በህይወቷ ቢያንስ አንዴ ይይዛታል እኮ፣ ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

የዓሣ ሽታ ያለው ቀጠን ያለ ግራጫ ፈሳሽ ከሆነ ግን ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ሊሆን ይችላል፣ ብልትን የሚጠብቁት ጥሩ ባክቴሪያዎች ሲቀንሱ ሌሎቹ በዝተው ነው፣ የፈንገስ ክሬም ደግሞ ምንም አያረገውም። ሽታው ሲያስጨንቃቸው ውስጡን በሳሙና የሚታጠቡ አሉ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ብልት ጤነኛ ሲሆን ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ3.8 እስከ 4.5 አካባቢ ነው፣ አሲድ ነው የሚጠብቀው፣ ባጠቡት ቁጥር ይብስበታል። ውጪውን በውሃ መታጠብ ይበቃል።

ትሪኮሞናስ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ደግሞ ለብቻው ነው። በግንኙነት የሚተላለፍ ነው፣ ወንዱ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ስለማያይ «እኔ ደህና ነኝ» ብሎ አልታከምም ይላል፣ እሷ መድኃኒቷን ጨርሳ እንደገና ከሱ ይይዛታል። ሁለቱም አብረው ካልታከሙ ዋጋ የለውም።

ጀርም የሌለበትም አለ። ካረጡ በኋላ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ ብልት ይደርቃል ይቆጣል፣ እናቶቻችን ይሄን እርጅና ነው ብለው ዝም ብለው ይችሉታል፣ መድኃኒት እያለው! ሽቶ ያለው ሳሙናና ፓድም ያስቆጣል። ትንንሽ ሴት ልጆች ላይ ሲታይ ወላጅ ይደነግጣል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከኋላ ወደፊት ከመጥረግ ወይ ከሳሙና ነው፣ ደም ወይ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካያችሁ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ምርመራው ከባድ አይደለም፣ ትንሽ ፈሳሽ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል ፒኤቹም ይለካል። እባካችሁ አንድ የማህፀን ሐኪም ጋብዛችሁ አስጽፉልን፣ በተለይ ለእርጉዞች፣ ፍሉኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ ኪኒን ያለሐኪም እንዳይውጡ በደንብ ይነገራቸው።

አንባቢያችሁ